አቶ ጫኔ ለኳስ ሜዳው መብራት ሲመርጥ

አንድ ጊዜ፣ አንበሳ ገና ሥልጣን በያዘ ሰሞን፣ በአንዲት የገበያ ከተማ ዳርቻ አቶ ጫኔ የሚባል አህያ ይኖር ነበር። ስሙ ከሥራው ጋር የገጠመ ነው። ጠዋት ይጫናል፣ ቀን ይጫናል፣ አመሻሽ ላይ ጭነቱን አራግፎ ወደ ቤቱ ይገባል። ሌላው አህያ ከዚያ በኋላ አመድ ላይ ተንከባሎ ይተኛል። አቶ ጫኔ ግን ኳስ ወዳድ ነበር።

ኳስ ወዳድ ማለትም ያንሰዋል። ሕልሙ ኳስ፣ ወሬው ኳስ ነው። ጭነት ተሸክሞ አቀበት ሲወጣ እንኳ መንገድ ላይ ያገኘውን ቆርቆሮ ሳይለጋ አያልፍም። በዚህ የተነሣ የስንቱን ደንበኛ እንቁላል ሰብሯል።

በመጨረሻ ከሚስቱ ከወይዘሮ እታገኝ ጋር መክሮ የቤታቸውን ጓሮ መነጠረ። ድንጋዩን ለቀመ፣ ጉድጓዱን ደለደለ፣ በሁለቱ ጫፍ የባሕር ዛፍ እንጨት ተክሎ ግብ አቆመ። ጎረቤቶቹም አላሳፈሩትም። ፍየል እግሯ ቀልጣፋ ነውና አጥቂ ሆነች። በግ «ጠጕሩ ኳስ ያበርዳል» ተብሎ በረኛ ሆነ። ዝንጀሮ ማንንም ስለማያፍር ፊሽካው ተሰጠው።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። ሁሉም ሠርቶ አዳሪ ስለሆነ ቀን ጊዜ የለውም። ጨዋታው የሚጀመረው ፀሐይ ከተራራው ጫፍ ስትደርስ ነው፤ ተጫዋቾቹ ገና ላብ ሳያወጡ ለዓይን ያዝ ማድረግ ይጀምራል። ያኔ ፍየል ኳስ መስሏት ድንጋይ ትለጋለች። በግ ኳስ መስሎት አንዴ ጃርት አቅፎ ያውቃል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ተስቆ ይታለፍ ነበር። ጨለማው ግን ሌላ መዘዝ ነበረው። አንበሳ ሥልጣን እንደያዘ ያወጣው አዋጅ እንዲህ ይላል፦ «ብርሃን ባለበት ማንም ማንንም አይብላ። በጨለማ የሆነውን ግን እኔም አላየሁ።» አዋጁ ለምን ግማሽ ሆነ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አንበሳ ራሱ ራቱን የሚበላው ሲጨልም መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ስለዚህም ጨዋታ በተጀመረ ቁጥር ከአጥሩ ውጭ አንድ ደጋፊ ተቀምጦ ይታያል። አያ ጅቦ ነው። ብርድ ቢሆን ካፊያ ቢሆን አይቀርም። ኳስ ግብ አፋፍ ስትደርስ ሌላው ሲጮኽ እርሱ ዝም ይላል፤ ዓይኑ የሚከተለው ዳሌ እንጂ ኳስ አይደለም።

«አያ ጅቦ፣ ለመሆኑ የማን ደጋፊ ነህ?» ብላ ፍየል አንድ ቀን ጠየቀችው።

«የሁላችሁም» አለ ምራቁን እየዋጠ። «አላዳላም። እርግጥ ነው፣ ወፍራም ወፍራሞቹን ትንሽ አስበልጣለሁ።»

እንግዲህ ፀሐይ ጥልቅ ልትል ስትል ሁሉም ኳሱን ጥሎ ወደየቤቱ ይሮጣል። ጨዋታው ሁልጊዜ ባዶ ለባዶ ነው። በዚያ ሜዳ ታሪክ ጎል ተቆጥሮ አያውቅም። ይህ ደግሞ አቶ ጫኔን ከጭነት በላይ ይከብደው ነበር።

«መብራት ያስፈልገናል» አለ አንድ ቀን ለሚስቱ።

«ያስፈልገናል» አለች እታገኝ። «ግን ደጅ የሚውል፣ ደጅ የሚያድር ዕቃ ነው። ዝናብ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የፍየል ምት አለ። አብሬህ ልሂድ?»

«መብራት መግዛት ምን ይከብዳል? የሚያበራውን አንሥቶ መምጣት ነው» አለና ብቻውን ወጣ።

ብቻውን ግን አልቀረም። አያ ጅቦ ከአጥሩ ሥር ብድግ ብሎ እያነከሰ ከኋላው ደረሰበት።

«ወዳጄ ጫኔ፣ ወሬው ጆሮዬ ገባ። መብራት ልትገዛ ነው አሉ። የዚህን ነገር ምክር ለእኔ ተወው። ጨለማን እንደ እኔ የሚያውቅ ማን አለ? ጨለማን ያወቀ ደግሞ ብርሃንን ያውቃል።»

ንግግሩ ለአቶ ጫኔ ጥልቅ መሰለው። እሺ አለና አብረው ሄዱ።

በዚያ ገበያ መብራት የምትሸጠው እመት ቀበሮ ነበረች። ሁለቱ አንድ ላይ ሲገቡ አየቻቸው፤ አህያ ከፊት፣ ጅብ ከኋላ። እንዲህ ያለ ሰልፍ ዓይታ ስለማታውቅ ጆሮዋን አቀናች።

«እመት ቀበሮ» አለ አያ ጅቦ ዓይኑን እየጠቀሰ፤ ጥቅሻ ስለማይችልበት ሁለቱንም ዓይኑን ነበር የጨፈነው። «ወዳጄ ለኳስ ሜዳው መብራት ይፈልጋል። ቶሎ የሚጠፋውን... ማለቴ፣ ቶሎ የሚበራውን አሳዪው። ውለታሽን አልረሳም፤ ሥጋ... ማለቴ፣ ሰላምታ እልክልሻለሁ።»

እመት ቀበሮ ለመረዳት ይህን ያህል እንኳ አያስፈልጋትም ነበር። ወዲያው ከመደርደሪያው አናት አንድ መብራት አወረደች። የወርቅ ቀለም የተቀባ ነው፤ ዙሪያውን ዘርፍ ተንዠርግጎለታል፤ መስታወቱ ከሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል።

«ይኼ ቀን ፀሐይ ሲጠጣ ይውልና ማታ ያበራል፤ ሶላር ነው» አለችና ቁልፉን ጠቅ አደረገችው። ሱቁ ቦግ ብሎ በራ። አቶ ጫኔ ዓይኑን ጨፍኖ ሲገልጥ የሚያየው ነገር ሁሉ አረንጓዴ ሆኖ ነበር።

«አቤት ድምቀት!» አለ።

«አቤት ድምቀት!» አለ አያ ጅቦም፣ ወደ በሩ እየሸሸ።

አቶ ጫኔ ዞር ሲል ጥግ ላይ አቧራ የጠጣ ሌላ መብራት አየ። ግራጫ ብረት ነው። ፊቱን የሽቦ መረብ ሸፍኖታል፤ ክዳኑ ዙሪያውን በወፍራም ጎማ ታሽጓል።

«ያስ ምንድን ነው?»

«እሱን ይተዉት። እሱ የድንጋይ ካባ ሠራተኞች የሚወስዱት ነው። ይከብዳል፣ አያምርም። እንደ እርስዎ ያለ የሜዳ ባለቤት እንዴት ብሎ ብረት ድስት ይሰቅላል?»

«ድስት ነው!» አለ አያ ጅቦ። ድስት የሚለውን ቃል ሲሰማ ግን ሐሳቡ ተሰረቀና የሚቀጥለውን ረሳው።

አቶ ጫኔ የሚስቱ ነገር ትዝ አለውና «ዝናብ ሲመጣስ?» ሲል ጠየቀ።

«ዝናብ? ዝናብማ ያጥበዋል!» አለች እመት ቀበሮ።

ለዋጋው ዕቃዋን ሊያመላልስላት ተስማማና የወርቅ ቀለም የተቀቡትን አራት መብራቶች ይዞ እየዘለለ ተመለሰ።

መብራቶቹን የሰቀላቸው በግቡ ቋሚዎች ላይ ነው፤ ወርቁና ዘርፉ ለሁሉም እንዲታይ ብሎ ዝቅ አደረጋቸው። እታገኝ ቀረብ ብላ አንዱን በከንፈሯ ነካ አደረገችው።

«ጫኔ፣ ይህ ነገር ይንቀጠቀጣል።»

«በብርሃኑ ብዛት ነው» አላት።

የመጀመሪያው ምሽት እውነትም የደስታ ነበር። ሁሉም አበደ። ብርሃኑ ፊት ለፊት ዓይን ውስጥ ስለሚገባ በግ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር ግብ የሚጠብቀው፤ ፍየልም በዚያ ሜዳ ታሪክ የመጀመሪያውን ጎል አገባች። ያገባችው በራሷ ቡድን ላይ ነው። ቢሆንም ሁለቱም ቡድን ተቃቅፎ ጨፈረ። አያ ጅቦ ከአጥሩ ውጭ ብርሃኑን በእጁ ከልሎ ዝም ብሎ ጠበቀ።

ብዙም አልጠበቀ። አንድ ቀን ሰማዩ ሲያጉረመርም ዋለ። ፀሐይ አንዴም ብቅ አላለችም፤ መብራቶቹም የሚጠጡት አላገኙም። አመሻሹ ላይ ጨዋታው እንደተጋጋለ ዝናቡ ወረደ።

የመጀመሪያው መብራት እንደ ጾመኛ ዓይን ጨፈን ጨፈን አለና ድርግም አለ። በሁለተኛው ውስጥ ውሃ ገብቶ ጠጅ የሞላው ብርሌ መስሎ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ጭስስ ብሎ ጠፋ። ሦስተኛውን ፍየል በኳስ አግኝታው መስታወቱ እንደ በረዶ ተበተነ። አራተኛው ማንም ሳይነካው፣ ምናልባት በኀዘን፣ ተከተላቸው።

ጨለማ ሆነ። አጥሩ ቀጭ ሲል ተሰማ።

«አዋጁ ተነሥቷል!» የሚል ድምፅ መጣ።

በዚህ መካከል ሰማዩ ብልጭ አለ። አያ ጅቦ ከሜዳው መሐል ነበር፤ አፉ ከበግ ላት የቀረው አንድ ስንዝር ያህል ነው። ብርሃን ነውና ወዲያው ቁጭ አለ።

«ደኅና አመሻችሁ?» አለ በትሕትና።

ጨለመ። ብድግ አለ። ብልጭ አለ። አሁን ደግሞ ከፍየል ጀርባ ነው፤ ቁጭ አለ።

«እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው» አለ።

ጨለመ። ፍየል «እምቢኝ!» ብላ ጮኸች፤ በግ የግቡ መረብ ውስጥ ተጠመጠመ፤ ዝንጀሮ ግብ ቋሚው ላይ ወጥቶ ፊሽካውን ይነፋል፤ ማንን ለመቅጣት እንደሆነ ራሱም አያውቅም። አቶ ጫኔ ወደ ቤቱ ሲሮጥ ጭቃው አንሸራተተውና በጀርባው ተዘረጋ። አራቱም እግሩ ወደ ሰማይ ነው። ልነሣ ቢል አልሆነለትም። ከዚያም ጭኑ ላይ ሞቅ ያለ ትንፋሽ ተሰማው።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ሲባል እየሰማ ነው ያደገው። ተረቱን ሲሰማ ሁልጊዜ ያፍር የነበረው በባሎች ስም ነበር። ባልየውን ማን እንደሚያስጥለው ግን የተናገረ የለም።

«እታገኝ! እታገኝ ድረሺ!» ብሎ ጮኸ።

እታገኝ ድምፁን ተከትላ መጣች። ምንም አይታያትም። ዞረችና በኋላ እግሯ ያለ የሌለ ኃይሏን አሰባስባ ረገጠች። የመታችው ጅቡን አይደለም፤ ጭቃው ላይ የተረሳውን የቆዳ ኳስ ነው። ኳሱ ተስፈንጥሮ አያ ጅቦ ለጫኔ ጭን ብሎ በከፈተው አፍ ውስጥ ጥልቅ አለ።

በዝናብ የራሰ ቆዳ! ሽታው አያ ጅቦ አናት ላይ ወጣ። አህያውንም በጉንም ረሳ። ኳሱን በሁለት እጁ ታቅፎ ጭቃው ላይ ተጋደመና ያኝክ ጀመር።

«ለስላሳ ነው» ይል ነበር እያጣጣመ። «ግን አጥንቱ የት ሄደ?»

እርሱ አጥንት ሲፈልግ ሌሎቹ እየተጋፉ እነጫኔ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ብዙም ሳይቆይ ከውጭ ዷ! የሚል ድምፅ ተሰማ። ኳሱ አፉ ውስጥ ፈንድቶ ነበር። አያ ጅቦ ጥይት የተተኮሰበት መስሎት አጥሩን ይዞት ሄደ።

አቶ ጫኔ ያን ምሽት ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ቀና አላለም። ጭኑ ላይ ያ ትንፋሽ አሁንም ያለ ይመስለዋል። ፍየልንና በግን ሲያይ «እኔ ነኝ የጠራኋቸው» ይላል በልቡ። እታገኝ ጀርባውን በገለባ አሸችለት እንጂ ክፉ ቃል አልተናገረችውም።

«ነገ አብረን እንሄዳለን» አለች ብቻ።

በማግሥቱ ባልና ሚስት እመት ቀበሮ ሱቅ ገቡ።

«መብራቶችሽ ጠፉ» አለ አቶ ጫኔ፤ ከንዴቱ ብዛት «እርስዎ» ማለቱን ትቶታል።

«ዝናብ ላይ ሰቀሏቸው እንዴ?»

«ዝናብ ያጥበዋል ብለሽኝ አልነበር?»

«ታዲያ አላጠበውም?» አለች እመት ቀበሮ።

 እታገኝ ግን ክርክር ውስጥ አልገባችም። እመት ቀበሮ «እንግዲያው ይህኛው ይሻላል፤ ዘርፉ ድርብ ነው» ብላ የዘረጋችላትን መብራት ተቀብላ ደጅ ካለው የውሃ ገንዳ ውስጥ ነከረችው። ጠፋ። ሌላ አነሣች፤ መሬት ላይ አስቀመጠችው፣ ዞረች፣ ረገጠችው። ሽንኩርት ልጣጩ ተበተነ።

«ኧረ በሕግ!» አለች እመት ቀበሮ።

«ፍየል ከእኔ ብሳ እንጂ አንሳ አትመታም» አለች እታገኝና ከጥግ ያንን ግራጫ ብረት ጎትታ አወጣች። አበራችውና ረገጠችው። መብራቱ ተንከባለለ፣ በሩን መታ፣ ተመልሶ መደርደሪያውን መታ፣ እመት ቀበሮን በጥቂት ሳታት። እንደበራ ነው። ገንዳ ውስጥ ጣለችው። ከውሃው ሥር ሆኖ እንደበራ ቀረ።

«አሁን አንድ ነገር ቀርቷል» አለች እታገኝ። «ሰሞኑን ደመና ነው። በደመና ቀን በጠጣው ትንሽ ፀሐይ ጨዋታው እስኪያልቅ እንደበራ ካመሸ፣ ያኔ እንስማማለን።»

በዚህ ጊዜ አያ ጅቦ ከንፈሩ አብጦ፣ አፉ አካባቢ የኳስ ክር ተንጠልጥሎበት እየሮጠ ገባ።

«እሱን አትግዙ!» አለ እያለከለከ። «እመኑኝ፣ እኔ ዐውቀዋለሁ! እሱ አይጠፋም!»

እመት ቀበሮ ግንባሯን በእጇ መታች።

«አመሰግናለሁ አያ ጅቦ» አለች እታገኝ። «ልሰማ የፈለግሁት እሱኑ ነው።»

መብራቱ በደመና ቀንም ሳይጠፋ ስላመሸ ሌሎቹንም ጨምረው ወሰዱ። አቶ ጫኔ ከዚያ በኋላ የሠራውን በጥንቃቄ ሠራ። ረጃጅም ግንድ አመጣ፤ ምስጥ እንዳይበላው ሥሩን በተቃጠለ ዘይት ቀባ፤ ከግቦቹ ርቆ በሜዳው ማዕዘኖች ተከለ። መብራቶቹን ከአናት ሰቅሎ ፊታቸውን ወደ መሬት አዘነበለ፤ በግም ዓይኑን ገልጦ መጫወት ጀመረ። አያምሩም። ማንም ቀና ብሎ አያያቸውም። ሜዳው ግን ከዳር እስከ ዳር ይታያል።

ክረምት ገባ። ዝናቡ ሲወርድ፣ ነፋሱ ሲጮኽ፣ እነርሱ ጭቃ ላይ እየተንሸራተቱ ይጫወታሉ። አያ ጅቦ ቦይ ውስጥ ተኝቶ «ዛሬ ይጠፋል» ይላል። አይጠፋም። «እንግዲያው ነገ» ይላል። ጎሉ ሲበዛ እርሱ ከሳ። አንዳንዴ እየራበው ውጤቱን ሳይወድ በግድ መከታተል ጀምሮ ነበር።

አንድ ምሽት ዶፍ ሲወርድ፣ ከገበያው በኩል የሚታየው የእመት ቀበሮ ሱቅ ብልጭልጭ ድርግም ሲል አቶ ጫኔ አየ። ገዢ ያጡትን ወርቃማ መብራቶች ለማስታወቂያ ብላ በረንዳዋ ላይ ደርድራቸው ነበር። አንዱ ጠፋ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ቀጥሎ ሁሉም። ትንሽ ቆይቶ የሩጫ ኮቴ ተሰማ። እመት ቀበሮ ጅራቷን በጭኗ አጣብቃ በአጥሩ ሥር ሾልካ ሜዳው ላይ ወደቀች። ከኋላዋ አያ ጅቦ ደረሰና ብርሃኑ ከሚጀምርበት መስመር ላይ ግንብ እንደገጠመው ቆመ።

«ውላችንን ፈጽሚ!» ብሎ ጮኸ ከጨለማው። «ለጫኔ ቶሎ የሚጠፋ መብራት ልትሸጪለት፣ እኔም ሥጋ ልበላ አልተዋዋልንም? የእነርሱ አልጠፋ አለ፣ የአንቺው ጠፋ! ያገኘሁትን እበላለሁ!»

ጨዋታው ቆመ።

«ትውጣ!» አለች ፍየል። «በእኛ የተዋዋለች እሷ ናት!»

«ትውጣ!» አለ ዝንጀሮ፤ ቀይ ካርድ ስለሌለው ቀይ መቀመጫውን ዞሮ አሳየ።

እመት ቀበሮ ብልሃት ፈለገች፤ ያን ምሽት አልመጣላትም።  ሁሉም አቶ ጫኔን አየ። እርሱም አያት፤ ያ ጭኑ ላይ የተሰማው ትንፋሽ ትዝ አለው።

«ማንንም ወደ ጨለማ አላወጣም» አለ። «ግን እዚህ ሜዳ ላይ ቆሞ ማየት የለም። ትጫወታለች።»

«ምን ሆኜ?» አለች በቀጭን ድምፅ።

«በረኛ» አለ በግ ፈጥኖ። ከግቡ ወጥቶ ቦታውን ሲለቅላት ደስታው ከፊቱ ይነበብ ነበር። «ፍጹም ቅጣት ምት ደርሶብናል። የምትመታው ወይዘሮ እታገኝ ናት።»

እታገኝ ኳሱን በጥንቃቄ አስቀመጠች። ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ዞረች። መብራቶቹ ከላይ ጥርት አድርገው ያበሩ ነበርና እመት ቀበሮ ኳሱ ከእታገኝ እግር ተነሥቶ እስከ አፍንጫዋ ሲመጣ አንድም ሳይቀራት አየችው።

ከዚህ የምንማረው፣ ደጅ የሚያድር መብራት ስንመርጥ ሱቅ ውስጥ ያለውን ድምቀት ሳይሆን ዝናብና ምት የመቻል ጉልበቱን መፈተን፣ ይልቁንም ጨለማ የሚጠቅመውን አማካሪ ይዘን ብርሃን ለመግዛት አለመውጣት እንዳለብን ነው።